ሚስማር ያላስጠፋው ዘበኛ

ባሻ አዝመራው መሞቱን የሰማሁት ገበያ መሃል፣ ጨው እየገዛሁ ሳለ ነው። የነገረችኝ ሴት ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ «አይ እሱ፣ ሚስማር ያላስጠፋ ሰው» አለች። በቀብሩ ቀንም ካህኑም፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ደጋገሙት። የመጋዘኑን ግንባታ የጠበቀ፣ የመንግሥት ንብረት ያላስነካ፣ ለራሱ ጎጆ እንኳ አንዲት ቆርቆሮ ያልወሰደ ሰው ነው ተባለ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። አንድም የዋሹት ነገር የለም። ብጠየቅ እኔም ይህንኑ እመሰክር ነበር። የተዉትን ነገር የሚናገር ሰው ግን ስላላየሁ እኔ እጽፈዋለሁ።

ስለ ራሴ ብዙ ለማውራት አልተቀመጥኩም። በደርግ ዘመን፣ ከትልቁ ድርቅ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዋግ፣ ሰቆጣ ዳር ትልቅ የድንጋይ መጋዘን ይሠራ ነበር። እህል ይከማችበታል ተብሎ ነው። ከየቀበሌው ሰው መጥቶ ይሠራል፤ ወንዶቹ ይፈልጣሉ፣ ይገነባሉ፤ ሴቶቹ አሸዋና ውሃ እናመላልሳለን። ወንድሜ ሞላ ከግንበኞቹ አንዱ ነበር። እሱ የጠረበው የማዕዘን ድንጋይ ዛሬም አለ፤ የፈለገ ሄዶ ይየው። ሲጠርብ ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋዩን በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታዋል፤ ድንጋዩም በፈለገው በኩል ይከፈላል። በእጁ ነበር የሚያየው።

ባሻ አዝመራው የጋዝጊብላ ሰው ነው። ብዙ ዘመን ወታደር ሆኖ ኖሮ እግሩን ተመትቶ ተመለሰ፤ ሲሄድ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁም። ከእኛ ጋር በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ይጫወታል፤ ሲቆጣ ወደ አማርኛ ይመለሳል። አማርኛ ከጀመረ ሰው ሁሉ ጀርባውን ያደነድናል። «ብረት አይራመድም» የምትል አባባል ነበረችው። መሣሪያ ጠፋ ሲሉት ሌላ መልስ የለውም። ብረት አይራመድም፤ ሰው ነው የሚራመደው፤ ያን ሰው አምጡልኝ ይላል።

ፊደል አያውቅም። ዕቃ ቤቱን የጠበቀበትን ዘዴ ግን የተማረ ሰው አያስበውም። የዕቃ ቤቱን የጭቃ ግድግዳ በነጭ አፈር ለቀለቀው። እያንዳንዱን መሣሪያ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዙሪያውን በከሰል አሰመረበት። አካፋው፣ ዶማው፣ ድጅኖው፣ መጋዙ፣ የግንበኛው ማንኪያ፣ ውሃ ልኩ፣ ሁሉም የየራሱ ጥላ ግድግዳው ላይ አለው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይገባና ግድግዳውን አንዴ ያየዋል። ባዶ ጥላ ካለ ወዲያው ያውቀዋል።

መሣሪያ የሚወስድ ወንድ ደግሞ ዱላውን አስይዞ ነው የሚወስደው። የዋግ ወንድ ያለ ዱላ መንገድ አይሄድም፤ ዱላ ሳይዝ የታየ ሰው ምን ደረሰበት ይባላል። ባሻ ይህን ያውቃል። ዱላው አካፋው በተነሳበት ጥላ ላይ ይሰቀላል፤ አካፋው ሲመለስ ዱላው ይመለሳል። የማን እንደሆነ የሚጽፍ የለም። የዚያን ሁሉ ሰው ዱላ ባሻ በዓይኑ ለይቶ ያውቃል።

እኔን የሴቶች ፈታሽ ያደረገኝ እሱ ነው። ሥራው ሲያበቃ ወንዶቹን እሱ፣ ሴቶቹን እኔ በሩ ላይ እንፈትሻለን። መቀነት አስፈታለሁ፣ ጡት ሥር እዳብሳለሁ፣ ያረገዘችውን ሆዷን እነካለሁ። ያኔ የፈተሽኳቸው አሮጊቶች ዛሬም በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አልቀየምም። ሥራውን ሲሰጠኝ ባሻ ያለኝ ይህ ነው፤ «አንዲት ሚስማር ባንቺ በኩል ካለፈች አንቺንም እንደ ሌባዋ ነው የማይሽ።»

እንደ ሌባ ማየት ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። አንድ ድንጋይ ፈላጭ የመዶሻ ራስ በምሳ ስልቻው ውስጥ ደብቆ ሊወጣ ሲል ያዘው። ሰውዬው ምሳዬ ነው አለ። ባሻ፣ «ምሳህ ከሆነ ብላው» አለና አፉን አስከፍቶ ብረቱን አስነከሰው። ከዚያ ከአገጩ ሥር በዱላ መታው። ሦስት ጥርስ ረገፈ። ሰውዬው ተንበርክኮ ደም ሲተፋ ባሻ አጎንብሶ ጥርሶቹን ከአፈሩ ውስጥ ለቀመ፤ በውሃ አጥቦ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቀለለና እጁ ላይ አኖረለት። «ይህ የራስህ ነው፤ ውሰደው። መዶሻው ግን ያንተም የእኔም አይደለም» አለው። ይህን ያለው በማላገጥ አይደለም። ከልቡ ነው። የሚያስፈራውም ይኼው ነበር።

ለባለሥልጣንም አይመለስም ነበር። አንድ ቀን ሹም ነኝ ያለ ሰው ለገዛ ቤቱ ሲሚንቶ ሊጭን መኪና ይዞ ከታጣቂዎች ጋር መጣ። ባሻ በሩ ላይ ተቀመጠ። ቁልፍ አምጣ አሉት፤ ሲሚንቶው የመጋዘኑ ነው አለ። ሁለት ታጣቂዎች የፊጥኝ አስረው፣ ክንዶቹን ከኋላ ክርን ለክርን አጋጥመው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። በሰደፍ ጎድኑን መቱት። ከዚያች ቃል ሌላ አልተናገረም። ሰልችቷቸው ሲሄዱ የግንባታው አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ፈታው። ባሻ የጠቆሩ እጆቹን እያሻሸ፣ «ደም ይመለሳል» አለና ሥራ አስቀጠለ። ሴቶቹ እልል አልን። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ይህን ልክድ አልችልም።

ወደ ሞላ ልመለስ።

አንድ ቀን ሞላ ድንጋይ የሚፈነቅልበትን ድጅኖ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ትቶ ከፍ ያለው መወጣጫ ላይ ጠሩትና ወጣ። ሲወርድ ድጅኖው የለም። ሥራ ሲያበቃ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ረጅም ባዶ ጥላ ቀረ፤ በላዩም የሞላ ዱላ ተንጠልጥሏል። ድጅኖ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥቃጭ ዘንድ ከደረሰ ሁለት ጥሩ ማረሻ ይወጣዋል፤ ያኔ ደግሞ ማረሻው አልቆበት በእንጨት መሬት የሚቧጥጥ ገበሬ ብዙ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባሻ አውጫጭኝ እንቀመጥ አለ። አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ሌባው እስኪታወቅ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ከክቡ የሚወጣ የለም። ሽማግሌዎች ይመረጡና እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይናገራል። አየሁ አይልም፤ ወፍ ነገረችኝ ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት የተናገረው አይታወቅም፣ ደም አይፈላለግም። ሌባው ካልወጣ ሁሉም ተጋግዞ የጠፋውን ይተካና ይበተናል። በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያለቁት በመተካት ነው። በደርግ ጊዜ የአድኃሪዎች ሥርዓት ተብሎ ተከልክሎ ነበር፤ ፎርማኑ ግን ከሸዋ የመጣ፣ ኽምጥኛ የማይሰማ ስለሆነ ስብሰባ መስሎት ዝም አለ።

ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት አንድ ቄስ፣ አንድ የጨው ነጋዴ ሼህ፣ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ጥላ በሌለበት፣ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን በመጠያየቅ አለቀ። ወፏ ለማንም ምንም አልነገረችም። ሰው ይቀልድ ነበር፤ አንዱ ወፏም ጦም ላይ ናት አለና አሳቀን። ሲመሽ እዚያው ክቡ ውስጥ አደርን።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባሻ ሽማግሌዎቹን አስነሳቸው። አማርኛ ጀመረ። ዱላው የተሰቀለው የሞላ ነው፤ ስለዚህ ድጅኖው የት እንዳለ ሞላ ይናገራል አለ። ቄሱ በአውጫጭኝ ሰው አይታሰርም ብለው ተከራከሩ። ባሻ አልሰማቸውም። ኖራ ማቡኪያው በርሜል ውስጥ የተዘፈዘፈ ገመድ ነበር፤ እሱን አወጣና እያንጠባጠበ መጣ። ሞላን በሆዱ አስተኝቶ በጉልበቱ ጀርባውን ረግጦ የፊጥኝ አሰረው። ከክርኑ እስከ አንጓው ጠመጠመው። የአባቶቻችንን ክብ ወስዶ የወታደር ቤት ገመድ አስገባበት።

እስካሁን የዘለልኩት ነገር አለ። እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የሚቀጥለው አይገባም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብርቄ ትባላለች፤ ሦስት ልጆች ያላት፣ ባሏ የሞተባት አሸዋ ተሸካሚ። ለሴቶቹ ከመወጣጫው የተረፈ ስብርባሪ እንጨት ለማገዶ መውሰድ ይፈቀድ ነበር። ድጅኖው በጠፋበት ቀን ብርቄ እንጨቷን አስራ በሩ ላይ ደረሰች። ፈተሽኳት፤ ገላዋ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ሸክሟን አንስታ ለመሸከም ጎንበስ አለች። በአገራችን ሴት ሸክም ስታነሳ ቆሞ የሚያይ የለም፤ አጠገቧ ያለው ያሸክማታል። እኔም በሁለት እጄ አነሳሁላት። ጉልበቴ ታጠፈ። እንጨቱ መሃል ብረት ነበር፤ ቅዝቃዜው መዳፌን ነካኝ። ብርቄ ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም። እኔ ሸክሙን ጀርባዋ ላይ አስተካክዬ፣ «በይ ሂጂ» አልኳት።

የሞላ ድጅኖ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ዱላው ተሰቅሎ ሳየው ነው።

ገመዱ ሲጠመጠም ብርቄ ነጠላዬን ጎተተች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ልናገር ነው» አለች በኽምጥኛ።

ጉልበቷን ይዤ ወደ መሬት ተጫንኩት።

«ቁጭ በይ። እስከ ቀትር ያልቃል። ተክተን እንበተናለን።»

«ወንድምሽ እኮ ነው።»

«ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። ቁጭ በይ።»

ያኔ ያሰብኩትን እንዳለ ልጻፈው። ብርቄ ከተናገረች ማን አሳለፈሽ ትባላለች። የሰውዬው ጥርስ በዓይኔ ላይ ነበር። ባሻ ራሱ ከጠዋት እስከ ቀትር ታስሮ እጁ መመለሱን አይቻለሁ። ሞላ ወንድ ነው፤ ይችለዋል። ቀትር ሲሆን ቄሱ ይነሳሉ፣ ሼሁ ይነሳሉ፣ እንተካለን ይላሉ፣ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ያየሁት አውጫጭኝ ሁለቴም እንዲያ ነበር ያለቀው።

ባሻ በአለንጋ ጀመረ። ሃያ ይሆናል፣ ሠላሳ ይሆናል፣ አልቆጠርኩም። ሞላ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ሰደበው፤ ቀጥሎ ጮኸ። አለንጋው ሸሚዙን ቀደደ፣ ከዚያ ቆዳውን ቀደደ። ባሻ በየመሃሉ እየቆመ ይጠብቃል። ወደ ሞላ ግን አይመለከትም፤ ወደ ክቡ ነበር የሚመለከተው። እኔን የሚያየኝ መስሎኝ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዓይኔን ከሰበርኩ ያውቅብኛል ብዬ ነው።

ያላሰብነው ገመዱን ነበር። ርጥብ ገመድ ፀሐይ ሲያገኘው ይኮማተራል። ቀትር ሳይደርስ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ከላይ አይታይም ነበር። ሞላ መጮኹን አቆመ፤ እኛም ህመሙ የቀለለለት መሰለን። ቄሱ ጎንበስ ብለው እጆቹን ሲያዩ መስቀላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ፍታው አንተ ሰው! እጁ ሞቷል!»

ባሻ ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በቢላ ሲቆርጠው ቆዳ አብሮ ተነሳ። እጆቹ እንደ ከሰል ጠቁረው፣ አብጠው፣ ጣቶቹ የሌላ ሰው መስለው ነበር። ያኔ ክቡ ፈረሰ። ማን እንደጀመረ አላውቅም፤ ድንጋይ በየአቅጣጫው ይበር ጀመር። አንዱ የባሻን አገጭ ሰበረው፣ አንዱ ግንባሩን ከፈተው። የዘበኝነት ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር፤ አላወረደውም። በደም ታጥቦ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ሄዶ ተቀመጠና ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ሲወግሩትም በሩን አልለቀቀም። እኔም ድንጋይ አንስቻለሁ። መትቼው ይሆናል፤ መትቼው ከሆነ ደስ ይለኛል።

ሞላን በሲሚንቶ መኪና ሐኪም ቤት ወሰድነው። ቀኝ እጁ ከአንጓው ተቆረጠ። ግራው ቀረለት፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ድጅኖውን ሁላችን ተጋግዘን ተካን። መጋዘኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሚስማር አልጠፋችም።

ብርቄ ድጅኖውን በኒሯቅ ገበያ ማረሻ አስቀጥቅጣ ለወንድሟ እንደሰጠችው በኋላ ሰማሁ። አንድ ክረምት አርሶበታል። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ብርቄ በድርቁ ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያ ስትወርድ መንገድ ላይ ቀረች። ስለዚያች ቀን ከእኔ ጋር አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ባሻ መንግሥት ሲለወጥ ታሰረ፣ ተፈታ፣ አረጀ። ከእኔ ቤት ብዙ የማይርቅ ጎጆ ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ሰው ሚስማር ያላስጠፋው ሰውዬ ሲለው እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ይንገበግበኛል። ለሠላሳ ምናምን ዓመት አንድ ነገር ይዤበት ኖሬአለሁ፤ ድጅኖዋ በእሱ በር፣ በዓይኑ ፊት መውጣቷን አያውቅም። ሳይሞት ነግሬው ኩራቱን ነጥቄው ልሄድ ፈለግሁ። ባለፈው ዐቢይ ጦም አንድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ደክሟል፤ ድምፄን ግን ወዲያው ለየው።

«ባሻ፣ ያችን ድጅኖ ማን እንደወሰዳት ልነግርዎ መጣሁ» አልኩት።

«ብርቄ ናት» አለ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«በዚያው ቀን፣ በሩ ላይ። ስታሸክሚያት ጉልበትሽ ታጠፈ። እንጨት ይህን ያህል አይከብድም።»

«ታዲያ ለምን አልያዟትም?»

«ሌባ መያዝ ምን ያቅታል። የምፈልገው አሳላፊዋን ነበር። የሾምኳት ፈታሽ በሰው ሁሉ ፊት በገዛ አፏ እንድትናገር ፈለግሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር የሚደፍር አይኖርም ነበር።» አፉን በእጁ ጠረገ፤ አገጩ ከተሰበረ ወዲህ ሲናገር ምራቁ ያመልጠዋል። «ወንድምሽ ሲታሰር ገመዱ ሳይጠብቅ ትጮኺያለሽ ብዬ ነው። ገመዱ ርጥብ መሆኑን አላሰብኩም። እኔ በደረቅ ገመድ ነበር የታሰርኩት።»

እጆቹን ተመለከትኩ።

«አይሽ ነበር» አለ። «በየአለንጋው መሃል አይሽ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይንሽን አልሰበርሽም። እኔ ብዙ ሰው አስሬአለሁ፤ እንዳንቺ ያለ አላየሁም። ለዘበኝነት አንቺ ትሻይ ነበር።»

«ገመዱን የያዘው የእርስዎ እጅ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው። ክጄ አላውቅም። አንቺስ?»

ተነስቼ ሄድኩ። ደህና ይዋሉ አላልኩትም። ዛሬም ቢሆን ፍርዱን አልቀበልም። ሰው አስሮ የገረፈ እሱ ነው፤ እኔ የተቀመጥኩ ነኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ናቸው የሚል ካለ መጥቶ በፊቴ ይናገር።

ባሻ ዘንድ መሄዴን ለሞላ የነገሩት ጎረቤቶች ናቸው። ሞላ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ምን አለሽ ብሎ ጠየቀኝ።

«ይቅርታ ጠየቀህ» አልኩት።

ሞላ ግንባሩን በተቆረጠው ክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ስንት ዘመን ሲጠብቃት የኖረች ቃል ናት ለካ። ፋሲካ ሲያልፍ ሄጄ እፈታዋለሁ አለ። ፋሲካ አለፈ፤ ጉልበትህን ያምሃል አልኩት። ሳምንት ቆይቶ እንደገና ልሂድ አለ፤ ሰውዬው አሞታል፣ ሰው አያስገቡም አልኩት። ገበያ ውስጥ ሴትዮዋ ሞተ ስትለኝ ጨዌን ታቅፌ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ፤ እሷ ሐዘን መሰላት።

በቀብሩ ቀን ሞላ ከፊት ቆመ። በማይታጠፉት ጣቶቹ አፈር ዝቆ መቃብሩ ላይ በተነና፣ «እኔስ ፈትቼሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይፍታህ» አለው። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ልብ ነው ብሎ አለቀሰ።

ሞላ ፊደል አልቆጠረም። ይህን ያነበበ ጎረቤት ልንገረው ካለ፣ ይንገረው፤ አልከለክልም። እኔ ምሳውንም እራቱንም በእጄ አጎርሰዋለሁ። ይህን ግን አላነብለትም።